ማሳዬ የት ሄደ?

ወይ ዘመን! በሰባ ሁለት ዓመቴ ፍየል የምለማመጥ ሰው ልሁን? ክላክሱ የሞተበት ሞተር የያዘ ሰው በቋራ፣ በገለጉ መንገድ ሌላ ምን ይሆናል! መሀል መንገድ ላይ ተኝታ የምታመሰኳ ፍየል ፊት እግሬን መሬት አስነክቼ እቆምና «እሜቴ፣ እባክሽ አሳልፊኝ» እላለሁ። እሷ ቀና ብላ ታየኝና ማመስኳቷን ትቀጥላለች።

ሞተሬ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ስገዛት ሊብሬዋን ምስጥ ቀምሶት ስለነበር የተሠራችበት ዓመት አይነበብም። ከእሷ ቀደም ያሉት ዲቲዎች ባለ 6 ቮልት ነበሩ፤ የኔዋ 12 ናትና ገና ልጅ ናት እላለሁ። ባለቤቴ ግን «ሁለታችሁም የአንድ ዘመን ናችሁ» ትላለች።

ዘንድሮ በመጋቢት፣ ሙቀቱ 40 አልፎ ድንጋዩ ሲፋጅ፣ ክላክሷ መጀመሪያ ጉንፋን እንደያዘው ቄስ ጎረነነ። በሳምንቱ ጭራሽ ዝም አለ። ፍሬቻዋም መርገብገቧን ትታ ፍዝዝ ብላ ቀረች። ሞተሯ ግን በአንድ ርግጫ ትነሳለች፤ አገሬውን ሁሉ ያሳሳተው ይሄ ነው። «ባትሪው ከሞተ እንዴት ትነሳለች?» ይሉኛል። ይህቺ እኮ እንደ ዛሬዎቹ በአውራ ጣት ሲነኳት የምትነሳ አይደለችም! ለካንዴላዋ እሳት የሚሰጣት ከማግኔቱ ሥር ያለ የራሷ ጥቅል ነው። የፊት መብራቷም ከዚያው ከማግኔቱ ይቀለባል፤ ለዚህ ነው ነዳጅ ስሰጣት የሚደምቀው፣ ሚኒሞ ላይ ስተዋት የሚደበዝዘው። የባትሪን እጅ የሚያዩት ክላክሱ፣ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ ናቸው። ስለዚህ ባትሪ ቢሞትም ቤቴ ታደርሰኛለች። ድዳ ሆና ነው እንጂ።

በገለጉ ደግሞ የሞተር ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ሻይ ቤት በር ላይ ካቆምኳት የሰሊጥ ነጋዴው ይመረምራታል፤ ለአረም ከደጋ የወረደው ሳሉግ ሳይቀር ይመረምራታል። ሁሉም በእጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ቴስተር የያዘ አንድም የለም። አንዱ «ባትሪ ነው» አለኝ፤ ገዛሁ። በወሩ ሞተ። ሌላው «ሬጉሌተር ነው» አለኝ፤ ገዛሁ። ሦስተኛው «ጥቅሉ ነዷል» ብሎ እንደገና አስጠቀለለኝ። ሲሉ ሰምታ የሞተችው ዶሮ እንኳ የታነቀችው አንዴ ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ! ግማሽ ኩንታል ሰሊጥ በዚህች ሞተር አንጀት ገብቶ ቀረ።

ባትሪን ካነሳን አይቀር፣ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የእርሳስና የአሲዱን ባትሪ የሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ነው። የኛው የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ይኸው ዛሬም ከመቀመጫዬ ሥር የተወሸቀው ያው እርሳስ፣ ያው አሲድ ነው። ሰውዬው ቋራን ቢያይ ኖሮ አንድ ነገር ያስብበት ነበር፤ ባትሪ የሚስማማው 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይላሉ አዋቂዎቹ። በኛ አገር ጥላ ሥር ምን ሊቆይ! ውሃው ሲተን ደግሞ የልጅ ልጄ ከጀሪካን ቀድቶ ይጨምርበታል። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለው፣ እርሳሱን ይገድለዋል፣ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ! እሱ ጆሮው ያለው ስፒከሩ ላይ ነው። ስፒከሩ ደግሞ ያለው የኔ ባትሪ ላይ ነው።

በሐምሌ፣ ጭቃው ጉልበት ድረስ በደረሰበት ሰሞን፣ አንድ ቀጭን የመካኒክ ልጅ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ነካካት፣ ጎንበስ ቀና አለና፣

«አያ፣ ማሳው ነው» አለኝ።

«ማሳዬ ምን ሆነ? ከብት ገባበት?»

«የለም፣ ማሳው ጠፍቷል።»

«አንተ ልጅ፣ ሰሊጥ የዘራሁበት ሳምንት ያልሞላው ማሳ የት ይሄዳል?»

ሳቀብኝ። ለካ እነሱ ማሳ የሚሉት የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሯ አካል ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ኖሯል። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ቃል ነው አለኝ። ጣሊያን ጥሎ ከሄደው ሁሉ እኔን ያዋረደኝ ይሄ ነው።

ከዚያ አስቀምጦ አሳየኝ። ሞተሯ ጠፍታ ባትሪው 12.1፤ በግማሽ ረሃብ ላይ ያለ ማለት ነው፣ የጠገበው 12.6 እና ከዚያ በላይ ያሳያል። አስነስቶ ነዳጅ ሲሰጣት ከ13.5 እስከ 14.5 መድረስ ሲገባው 12.2 ላይ ተገትሮ ቀረ። «ይኸው ሬጉሌተሩ!» ልል ስል አፌን አስያዘኝ፤ ቴስተሩን ሬጉሌተሩ መውጫ ላይ ሲያደርገው 14.3 ነበር። እህል ከጎተራው ወጥቷል፣ ከቤት አልደረሰም። መሀል ላይ ኬላ የተከለ አለ። ሞተሯ እየሠራች አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ አሳረፈ። ዜሮ ሊጠጋ የሚገባው 2 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ሌባው እዚያው ተያዘ።

ብሎኑን ፈታው። ከሽቦው ቀለበት ሥር ወፍራም፣ የሚያምር፣ ሰማያዊ ቀለም! ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገው፣ ዝገት እንዳይዘው ቫዝሊን ቀባው፣ መልሶ አሰረው። ቴስተሩ 13.9 አለ። ክላክሱን ስጫነው አራት ፍየልና አንድ አህያ መንገዱን ለቀቁልኝ። አዲሱ ሬጉሌተር፣ አዲሱ ጥቅል፣ ሁለተኛው ባትሪ... እሱን ተዉት።

በጥር ትንሹን ልጄን ስድር ሙሽራው በእሷ ይታጀባል ብዬ ነበር። አሮጊት መስላ እንዳታሳፍረኝ ብዬ... ይቅር፣ አልናገረውም።

ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማያዊውን ፍርፋሪ አየና፣ «አያ፣ ይህንን ቀለም ማን ነው ያስቀባት?» አለኝ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሒሳብህ ስንት ነው?» አልኩት።