ስለ ታብሌት ሰዓት የወጣ የቤት አዋጅ ቁጥር 1/2018

ስማ! ያልሰማህ ስማ! ጆሮህ ላይ ማዳመጫ የሰካህ፣ ነቅለህ ስማ!

የሐይቅ ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ አባት፣ የልጁ አክስት ከጅዳ በላከችው ታብሌት እንቅልፍ አጥቶ ይህን አውጇል። ሥልጣኑን ያገኘው ከሐይቁ ዳር ካለው ገዳም ነው። በመካከለኛው ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ንጉሡ ዘንድ ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስን ሹም። ቤተ መንግሥት ያስተዳደረ ማዕርግ አንድ ታብሌት አያቅተውም ተብሎ፣ አባትየው «ዐቃቤ ሰዓት ዘታብሌት» ሆኖ ራሱን ሾሟል።

አንቀጽ 1። ጨዋታ በቀን 1 ሰዓት ነው።

አንቀጽ 2። ምግብ ሲቀርብ ታብሌት ይነሣል።

አንቀጽ 3። ስለ ልደት ቀን። ልጁ የተወለደው ጷጉሜን 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የወላጅ መቆጣጠሪያው የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። ስለሆነም፦

ሀ) በጷጉሜን የተወለደ ልጅ እንደ ተወለደ ይቆጠራል።

ለ) 6ኛዋ ጷጉሜን በ4 ዓመት አንዴ ስለምትመጣ ልጁ ልደቱን ያገኘው በ2011 እና በ2015 ብቻ ነው። ይህ የ2 ዓመት ሕፃን አያደርገውም። የ18 ዓመት ጎረምሳም አያደርገውም!

ሐ) 18 ከየት መጣ ቢባል፣ አባትየው ነሐሴ 30 ብሎ አቻችሎ፣ ዓመቱን 2007 ብሎ ሞላ። መሣሪያው በፈረንጅ ቆጠረና 8 ዓመት መርቆ ልጁን ራሱን አስቻለው። አንቱ ሊለው ምንም አልቀረው። የመንጋጋ ጥርሱ ገና እየተነቃነቀ ነው።

መ) ስህተቱን ለማረም የልጁ መታወቂያ ተጠየቀ። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው። 18 እንዳልሞላው ለማስረዳት መጀመሪያ 18 ይሙላ።

ሠ) «3 ሰዓት ላይ ይዘጋ» የተባለው ታብሌት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ልጁ የተኛው መነኮሳቱ ለጸሎት ሲነሡ ነው።

ረ) ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የተጻፈ፣ ዘመኑ የተመዘገበበት ወንጌል አለው። እዚህ ሰው ቀን መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። አንዲት 13ኛ ወር መጨመር ምን ያቅታል? ሠሪዎቹ ምን አገባን ካሉ ደግሞ ለምን ይሸጡልናል!

አንቀጽ 4። የሌላ አገር ልምድ። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ጨዋታን ለልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ብቻ፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ፈቀደች (በሀበሻ ሰዓት፤ አዋጅ አውጪው ተምሯል)። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ከልክላ፣ ልጆቹ በወላጅ መታወቂያ ቁጥር ሲገቡባት ኖራ ከ10 ዓመት በኋላ ተወችው።

አንቀጽ 5። ስለ ፍጹም ቁጥጥር። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ያ ቁጥጥር የልደት ቀን አልጠየቀም። መታወቂያ አልጠየቀም። ወላጅም አላስፈቀደም። ልጁ ከጨዋታው ተለየ፤ የአክስቱም ድምፅ አብሮ ጠፋ። እናትየው «ምነው ዝም አለች?» እያለች ስልኳን ስታገላብጥ ከረመች። ይህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ የለውም።

አንቀጽ 6። አዋጁ ከጷጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስከዚያው የሚስጥር ቁጥሩ በልጁ እጅ ይቆያል፤ አባትየው በረሳው ቁጥር የሚጠይቀው እሱን ነውና።