የአቶ ጠብታ ብዕሩ አጭር የሕይወት ታሪክ

እድርተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት የሟቹ አጭር የሕይወት ታሪክ ይነበባል። እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ፤ በሞታቸው ከተጠረጠሩት አንዱ እሱ ነው።

አቶ ጠብታ ከአባታቸው ከአቶ ብዕሩ ቀለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪሴ ሸሚዙ ተወለዱ። ዘራቸው የተከበረ ነው። በአባታቸው በኩል ቅድመ አያታቸው በቁም ጸሐፊ አጠገብ፣ መሬት ላይ በተተከለ ቀንድ ውስጥ የኖሩት የጥላሸት ቀለም ናቸው። እኚያ አያት ጨዋ ነበሩ፤ ከብራና በቀር የትም አያድሩም። ቀለምን ከነብዕሩ ኪስ ካስገቡት አንዱ ሉዊስ ዋተርማን የተባለ የኒው ዮርክ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ብዕር ውስጥ ቀለም ሲወጣ በምትኩ አየር ይገባል።

ነገሩ ያማረ ይመስል ነበር። አየር ግን ሲሞቅ ይለጠጣል። ቀለሙ የጎደለ ብዕር ደረት ላይ ሲሞቅ፣ ውስጡ ያለው አየር የተረፈውን ቀለም ገፍቶ ያስወጣዋል። አቶ ጠብታ የተወለዱት እንዲህ ነው፤ በልብ ትይዩ፣ ባለቤቱ ነጭ በለበሰበት ቀን።

ሟቹ መንገደኛም ነበሩ። የመንገደኛ አውሮፕላን የውስጥ አየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ይጠበቃል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሲነሡ እንቅልፋቸውን ይለጥጡ ነበር። ከባሕር ዳርቻዋ ከጅዳ ሲመለሱ ግን ግፊቱ ይቀንሳል፤ እሳቸውም ይነቃሉ። ዘመድ አበባ ይዞ መንገደኛውን ሲጠብቅ፣ ቀድመው ከኪሱ ብቅ ብለው ሰላምታ የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ።

በመምህር፣ በጸሐፊና በዳኛ ኪስ ያለ ደመወዝ አገልግለዋል፤ ቀለባቸው ሸሚዝ ብቻ ነበር። ሰርግ ላይ የተገኙ እንደሆነ ባለ ሸሚዙ በጠራራ ፀሐይ ኮቱን ሳያወልቅ ይውላል።

ጠላት አላጡም። ሎሚ፣ ጨው፣ ወተትና በረኪና ተራ በተራ ዘምተውባቸዋል። ይሁንና ብረት ያለበት ቀለም ላይ በረኪና ሲፈስ፣ ሰማያዊው ይጠፋና የዝገት ቡኒ ይተካል። ገዳይ እጁን አጥቦ ሳይጨርስ ሟች ልብስ ቀይረው ይመጡ ነበር።

የሞታቸው ምክንያት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ላስሎ ቢሮ የተባለ የሃንጋሪ ጋዜጠኛ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ኳስ የሚሽከረከርበት፣ ወፍራም ቀለም የሚጠቀም እስክሪብቶ አስመዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰማይ ላይ ስለማያፈስ ወደደው። እ.ኤ.አ. በ1950 ማርሴል ቢክ ፈረንሳይ ውስጥ ለሁሉም በሚደርስ ዋጋ ገበያ አወጣው። አቶ ጠብታ ከዚያ ወዲህ አልጋ ያዙ፤ ስልክ መጥቶ ትንፋሻቸውን ጨረሰው።

ሟቹን የሚያውቅ ሁሉ ይረግማቸው እንደነበር አይካድም። ቢሆንም እውነት መናገር ተገቢ ነው። በእሳቸው ዘመን የጻፈ ሰው ከጽሑፉ ጥቂት በራሱ ላይ ይቀርበት ነበር። ደሃ የሚያፈናቅል ደብዳቤ የፈረመ ሹም እንኳ ጣቱ ላይ ቀለም ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ሚስቱም፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ጽፈህ ነው?» ትለዋለች። ዛሬ በአውራ ጣታችን የሰው ስም ስናጠፋ ውለን፣ እንከን የሌለው ሸሚዝ ለብሰን እራት እንቀርባለን። አቶ ጠብታ ብዙ ልብስ አበላሽተዋል፤ ጽሑፍ ያለ ዕዳ እንደማይጻፍ ግን ከእሳቸው በላይ ያስተማረ የለም።

በመጨረሻ የእድሩ ማሳሰቢያ፦ ፊት መንጨት ከቀረ ቆይቷል፤ ሸሚዝ ማሸትም ይቅር፤ ቀለሙን ያሰፋዋል። የፈሰሰበት ሰው በቀዝቃዛ ውኃ እያራሰ በንጹሕ ጨርቅ ያስመጥጥ፤ ሳይለቅ ካውያ አያስነካው። ዛሬም ብዕር የምትይዙ ጥቂቶች ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዙት። ንፍሮው ድንኳን ውስጥ ነው።