ይድረስ ለአባዬ፦ ስለ ውሻዋ ጉበት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ መሐል ሜዳ

እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የታመመችው ውሻችን ናት። ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሲስቁ እዚህ ሜሪላንድ ድረስ ይሰማኛል። ይሳቁ፤ ሲጨርሱ ግን ይምከሩኝ። በአካባቢው የእርስዎን ያህል ወይፈን ያኮላሸ ሰው ስለሌለ ነገሩ ከሙያዎ አይርቅም።

(ደብዳቤውን የምታነብላቸው የወንድሜ ልጅ ሆይ፣ አፍረህ «ውሻ» የሚለውን «ልጅ» እያልክ እንዳታነብ። ባለፈው እንዲያ አድርገህ እማዬ ሱባዔ ልትገባ ነበር።)

ልጆቹ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከሚጠለሉበት ቤት አንዲት ቡችላ አመጡ፤ ስሟንም ኩኪስ አሏት። ውሻ ደጅ እንጂ ሳሎን ምን ይሠራል ብዬ ተሟገትኩ። «ጃንሆይ ውሻቸውን ሉሉን ቤተ መንግሥት አስገብተው የለ?» ብለው ረቱኝ። ስንረከባት ታዲያ አስመክናታለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ። እዚህ አገር ፊርማ ከመሐላ ይከብዳል።

ኩኪስ ግን አላድግም አለች። ትበላለች፣ ሥጋ አይዛትም። አንዳንድ ቀን ከበላች በኋላ ለሃጯን እያዝረበረበች ግድግዳው ላይ ታፈጣለች፣ ቢጠሯት አትሰማም፣ ባለችበት ትሽከረከራለች። ቆይታ ምንም እንዳልነበረ ጭራዋን እየቆላች ትመጣለች። እማዬ ብታያት ዓይን በልቷታል ብላ ጤና አዳም ባሸተተቻት ነበር። እኔም ብሆን ጎረቤታችን «ስታምር!» ባለች ቁጥር ክታብ ላንጠለጥልላት ምንም አይቀረኝም።

ሐኪሙ ደሟን ቀዳ፣ ሽንቷን አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፤ «ምን እንደሆነ ለጊዜው አላወቅነውም» አለና ሂሳቡን ሰጠኝ። የእኛ አገር ጠንቋይ እንኳ ለተከፈለው ገንዘብ የበሽታ ስም አያሳጣም።

በኋላ ግን ሐኪሙ አንድ ጥርጣሬ ነገረኝ። ከአንጀት የሚነሳው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት ማለፍና መጣራት አለበት። አንዳንድ ቡችላ ግን ስትፈጠር ጀምሮ አቋራጭ የደም ሥር ይኖራታል፤ ደሙ ጉበቷን ሳይነካ ያልፋል፣ ከምግቡ የሚወጣው አሞኒያም ጭንቅላቷ ላይ ይወጣል። ስትበላ የምትፈዘው ለዚህ ሊሆን ይችላል። የዮርክሻየር ቴሪየር ክልስ ናት ይሏታል፤ ይህ ዘር ደግሞ በዚህ ሕመም የታወቀ ነው። ምርመራውን ይስሙልኝ፦ ሌሊቱን ትጾማለች፣ ጠዋት ደም ትሰጣለች፣ ከዚያ ትበላለች፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንደገና ደም ትሰጣለች። ከቤታችን ጾም ሳታፈርስ የምታድረው እሷ ብቻ ልትሆን ነው፤ ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

የጨነቀኝ ማምከኑ ነው። እርስዎ ወይፈኑን ጠልፈው ጥለው፣ ቡናው ሳይፈላ ጨርሰው እጅዎን ይታጠባሉ። ሴት ውሻ ግን ተኝታ ሆዷ ይከፈታል፣ የዕንቁላል ማምረቻዋና ብዙ ጊዜ ማህፀኗም ይወጣል። የምትተኛበትን ማደንዘዣ ከሰውነቷ የሚያጠራው ደግሞ በአብዛኛው ያው የተጠረጠረው ጉበት ነው። ጥርጣሬው ልክ ከሆነ እንደተኛች ልትቀርብን ትችላለች። እንተወው ብንል ሌላ መዘዝ አለው። ብዙ ሴት ውሾች ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ኮርማቸውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በፊት የመከነች ውሻ የጡት ዕጢ እምብዛም አያገኛትም። ሳትመክን ያረጀች ደግሞ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ እሱም ይገድላል።

ባለቤቴ ዛሬውኑ ይሠራላት ባይ ናት። ትልቁ ልጄ በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን ጥናት ይዞብኝ መጣ፤ ዓመት ሳይሞላቸው የመከኑ ጎልደን ሪትሪቨሮች የመገጣጠሚያ ሕመም በዝቶባቸው ተገኘ ይላል። ኩኪስን ከጎልደን ሪትሪቨር ጋር የሚያመሳስላት አራት እግሯ ብቻ መሆኑን ማን ያስረዳው! ትንሿ ልጄ ደግሞ «እናት ሳትሆን?» ብላ አለቀሰች። እሷን ያባበልኩት በእኛው አገር በጓሳ ቀበሮዎች ነው። እዚያ ከቀይ ቀበሮው መንጋ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አውራዋ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ሴቶች ሞግዚት ሆነው ቡችሎቿን ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሳይፈርሙ ነው አልኳት።

ስለ ማምከኑ እንኳ ጓሳን የሚያውቅ ሰው የሚከራከር አይመስለኝም። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ባሌ ላይ ሴቶቹ ከሰፈር ውሻ ተዳቅለው ተገኝተዋል፤ በ1984 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ መቼ ይሁን የሚለው ብቻ ነው፤ በእኔ በኩል ጉበቷ ሳይታወቅ ቢላ አይነካትም። የጾሙ ምርመራ ደህና ነው ካለ ኮርማ ሳትፈልግ ትመክናለች። ካልሆነ አቋራጩ ሥር ይፈለጋል፤ እሱን ለመዝጋት ሆዷ የሚከፈት ከሆነ በዚያው እንቅልፍ ሁለቱም ይሠራሉ። ለፊርማዬ ማራዘሚያ ሐኪሙ ወረቀት ይጽፍልኛል። በመሀል ኮርማ ብትፈልግ በር ላይ ዱላ ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ፤ የሰፈሩ ወንድ ውሾች የመንዝ ሰው እንዴት ከብት እንደሚጠብቅ ያያሉ።

እርስዎ ምን ይላሉ? ወይፈኑ የከሳና የፈዘዘ እንደሆነ ለስንት ጊዜ ያቆዩታል? ሐኪሙም ልምድዎን ቢሰማ አይጠላም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የእብድ ውሻ ክትባት የሚሰጡት ሰዎች ሲመጡ ውሻዎን መቻልን እንደ አምናው ጎተራ ሥር እንዳይደብቁብኝ። መርፌ ውሻ ያለዝባል የሚሉትን ይተዉት፤ መቻል ሲፈጥረውም የሚጮኸው እንግዳ ቤት ገብቶ እንጀራ ከቀረበለት በኋላ ነው። ከብት ይዞ ጓሳ ጥግ የሚውል ውሻ መከተብ አለበት። ገንዘብ ከተጠየቁም ከላክሁት ላይ ይክፈሉ፤ ምንም ቢሆን እኔ ለ«አላወቅነውም» ከከፈልኩት አይበልጥም።

ልጅዎ፤ ከሜሪላንድ