ከፊት የሚመራ ኋላውን አያይም

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ከደሴ በኩል የሚመጣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይተኛል፤ ምድሩንም ረግረግ ያደርገዋል። ስለዚህ በጋው ሲበረታ ከአፋር ቆላም፣ ከአርጡማም፣ ከደዋም ከብቱ ሁሉ ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ ይመጣል። በድሮ ዘመን እናት ላሞች ለግጦሽ ርቀው ሲሄዱ ጥጆቻቸውን ከከሚሴ በታች ባለ ደረቅ ጉብታ ላይ ይተዉና ዳለቻ ለሚባል ሽማግሌ በሬ አደራ ይሰጡ ነበር።

ዳለቻ የትኛው ሣር ሆድ እንደሚነፋ፣ የጅብ ጠረን በየት በኩል እንደሚመጣ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን ረግረግ መለየትን ነው። ረግረግ ሲያዩት ለምለም፣ ሲረግጡት ዋጭ ነው። ጥጆቹን በየተራ ያቀርብና የፊት እግራቸውን ቀስ አድርገው እንዲጫኑ፣ ሰኮናቸው ዙሪያ ውሃ ካቆረ ወደ ኋላ እንዲመለሱ ያሳያቸዋል። ጥጆቹ 40 በነበሩ ጊዜ የእያንዳንዱን እርምጃ ያውቅ ነበር።

ዝናው ሲሰማ ከባቲም፣ ከደዌም፣ ከጅሌም ጥጃ መጣ፤ 120 ሆኑ። ዳለቻ ከፊት ሆኖ ይናገራል፤ የፊተኞቹ ይሰማሉ፤ የኋለኞቹ የሚያዩት የጓደኞቻቸውን ጭራ ብቻ ነው።

እናቶች «ጥጆቹ በዝተዋል» ብለው ለአበጋሩ፣ ለመንጋው አስታራቂ ሽማግሌ ለቦራ፣ አቤት አሉ። ሸንጎው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ቦራም ቆጣሪውን ወይፈን ጠራው።

«ስንት ጥጃ አለን?»

«120፣ አባባ።»

«ጠባቂስ?»

«3። ዳለቻ፣ በሩን የሚጠብቀው ሰንጋ፣ እኔም አለሁ።»

«እንግዲያ ለአንዱ 40 ይደርሰዋል። ደንቡም ይኸው ነው፤ ምን ጎደለ?»

ሸንጎው ተበተነ። ሜዳ የሚወርደው ግን ዳለቻ ብቻ ነበር፤ ሰንጋው ከበሩ፣ ወይፈኑ ከቆጠራው አይነሡም።

ከጥጆቹ መካከል ከቆላ የመጣ ቡሬ የሚባል ነበር። የለመደው የእናቱ ድምፅ ከዳለቻ ይለያልና «ተመለሱ» ሲባል «ኑ» የተባለ ይመስለዋል። መጠየቅ ያፍራል። ዝም ስለሚልም ጨዋ ነው ብለው ተዉት። አንድ ቀን ሰልፉ ሲታጠፍ ቡሬ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ረግረጉም እስከ ደረቱ ዋጠው። ጓደኞቹ አላዩም፤ ዳለቻም አላየም።

ያየችው ከባቲ ገበያ ጨው ጭና የምትመላለስ አሮጊት አህያ ናት። መጫኛዋን ወረወረችለት፤ በጥርሱ ነከሰ፤ ጎትታ አወጣችው።

ማታ ሸንጎው ተቆጣ። «ዳለቻ ቸልተኛ ነው፤ ይነሣልን!» አሉ። አህያዋ ጆሮዋን ጥላ ቆመች።

«አበጋር፣ ከፈቀዱልኝ ልናገር። ዳለቻ አልሰነፈም፤ ከፊት የሚመራ ኋላውን አያይም። እኔም ቡሬን ያገኘሁት ብልህ ሆኜ አይደለም። ሸክሜ ስለሚያዘገየኝ ሁልጊዜ የምሄደው ከኋላ ነው፤ የሚቀረውንም የማየው ለዚሁ ነው። የሰው ልጆች ‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ› ይላሉ። ወይፈኑ የቆጠረው ስም ነው። ሜዳ የሚወርደውን ቢቆጥር ኖሮ 120 ለአንድ ባለ ነበር።»

ቦራ አቀርቅሮ ቆየና «ጠባቂ ሲጨመር ድርቆሽ ይጨመራል፤ ከየት እናመጣለን?» አለ።

የቡሬ እናት ተነሣች። «ከእኔ ይጀመር። ልጄን ረግረግ ከሚውጥብኝ የአንድ ቀን ግጦሽ ይቅርብኝ።»

በማግስቱ ሰንጋውና ወይፈኑ ሜዳ ወረዱ፤ ሰልፉም 3 ሆነ። የቆላዎቹን ድምፅ የምታውቅ ላም ተመደበች። አህያዋ ደግሞ የሚያነክሰውን፣ ዝም የሚለውን፣ ያልገባውን እያየች ከኋላ እንድትሄድ ሥራ ተሰጣት። በዚያ በጋ የሚታመም ጥጃ አልጠፋም፤ ሳይታይ የቀረ ግን አልነበረም።

ተረቱ የጥጃ ቢሆንም ነገሩ የልጆቻችን ነው። በአገራችን መስፈርት አንድ ክፍል በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲይዝ ታስቧል። መስፈርት ብቻውን ግን ልጅ አያስተምርም፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ልጅ የወደቀው በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ከታች ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ ሲቀር ያየው ባለመኖሩም ጭምር ሊሆን ይችላል። በከሚሴና በዙሪያዋ ልጁ በአፋን ኦሮሞ ፊደል ቆጥሮ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ከገጠር የመጣው ደግሞ ስንቁን ተሸክሞ፣ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። እንዲህ ያለው ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ቢል ጨዋነቱ ብቻ አይምሰለን።

መምህሩን ከመውቀሳችን በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ በመዝገብ ካሉት መምህራን ውስጥ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው ስንት ነው? የማጠናከሪያ ትምህርቱን የሚሰጠው፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪውን የሚረዳው፣ ሦስት ቀን የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው ማን ነው? የሚጠራ ስም ከሌለ ቦታው ባዶ ነውና ሰው ይቀጠርበት። በጀቱ ሲያጥርም እንደ ቡሬ እናት «ከእኔ ይጀመር» የምንል ወላጆች እንሁን።