አካፋውን እንዳይነኩ!

ለላሟ እበት፣ ለአህያዋ ፋንድያ፣ ለፍየሏ በጠጥ፣ ለዶሮዋ ኩስ ብለን ለእያንዳንዱ ስም ያወጣን ሰዎች፣ ተራው የውሻው ሲሆን አፋችንን ሸፍነን «ያ ነገር» እንላለን። ውሻዎ ቡቺ ግን ስሙ አያሳስበውም። እንግዶች ሳሎን ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ፣ እሱ በመስኮቱ ትይዩ ከጽዱ ሥር ጎንበስ ብሎ ያንን ነገር ያጣጥማል። አማትዎ ስኒያቸውን ያስቀምጣሉ። «በስመ አብ! ይሄ ውሻ ምን እየበላ ነው?» እርስዎም «ሣር ነው፣ እማማ» ብለው መጋረጃውን ይስባሉ።

መጋረጃ መሳብ ጥሩ ጅምር ነው። አመሉ ሥር እንዲሰድ ግን ትጋት ይጠይቃል። የሚከተሉትን ምክሮች ሳያጓድል የፈጸመ ሰው፣ ውሻው እስከ ዕለተ ሞቱ ያንን ነገር እንደማይተው በልበ ሙሉነት እናረጋግጥለታለን።

አንደኛ፦ አካፋውን እስከ ቅዳሜ አይንኩ

በግቢው ጥግ፣ ከግድግዳው ተደግፎ የቆመ አካፋ አለ። ይቁም። ግቢ የሚጸዳው ቅዳሜ ነው፤ ማክሰኞ አካፋ ይዞ የሚዞር ሰው ሥራ ያጣ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪው ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ይህ አመል ያለባቸው ውሾች አብዛኞቹ የሚመርጡት ትኩሱን፣ ከሁለት ቀን ያልበለጠውን ነው። ስለዚህ ዘበኛው ቅዳሜ በአካፋ የሚያነሱት ቡቺ ሳምንቱን ሙሉ አማርጦ የተወውን ትራፊ ነው።

ሁለተኛ፦ እየጮኹ ይሩጡ

ሲጀምር እንዳዩት ነጠላ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው በግቢው ዙሪያ ያሳድዱት። ዘበኛው ከበሩ ይነሱ፣ ሠራተኛዋ ከማድ ቤት ትውጣ፣ ልጆቹም ይጨመሩ። ቀኑን ሙሉ ዞር ብሎ የሚያየው ላጣ ውሻ ከዚህ የበለጠ ሠርግ የለም። ቤተሰቡ ሁሉ ነቅሎ የሚወጣለት በዚህች ጉዳይ ብቻ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

ሌላም ትምህርት ይቀስማል፦ ሳይነጠቁ ቶሎ መዋጥ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ሲደርሱ እሱ አፉን እየላሰ ይጠብቅዎታል። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው በውሻው ተሳልቀዋል። በእርስዎ ግቢ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።

ሦስተኛ፦ አፍንጫውን ይድፈቁት

ቡችላው ምንጣፍ ላይ ከተጸዳዳ አንገቱን ይዘው አፍንጫውን እዚያው ይድፈቁት። ያ ነገር ከአፉ እንዲርቅ አፉን ወደዚያ ነገር መውሰድ፣ ጥበቡ ለሁሉም አይገለጥም። ቡችላው ጥፋቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። የሚለየው እርስዎ ባሉበት መጸዳዳት አደገኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከሶፋው ጀርባና ከአልጋው ሥር በሰዋራ መጨረስ ይለምዳል። እርስዎ ያላዩትን ደግሞ ቀድሞ የሚያገኘው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አራተኛ፦ ሚጥሚጣ ይነስንሱ

ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ያውቃል። አንዷ ሚጥሚጣ፣ ሌላዋ ኮምጣጤ ትልዎታለች፤ ከውጭ የመጣው የአክስትዎ ልጅ «እኛ ጋ አናናስ ነው የሚያበሉት» ይላል። ሁሉንም በየተራ ይሞክሩ። ሚጥሚጣውን በማንኪያ ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለጥሬ ሥጋ እንደሚያደርጉት በእኩል ይነስንሱበት። ሲጨርሱ ቀና ይበሉና ወደ ቤት ይግቡ። አካፋው ሦስት እርምጃ ላይ እንደቆመ እንዳያዩ አደራ!

ይህ ካልሠራ ክኒን ያስልኩ። በዚያው የእነ ሃርት ጥናት የውሻ ባለቤቶች ለዚህ አመል ተብለው ስለሚሸጡ 11 ምርቶች ተጠይቀው ነበር፤ ሠሩልኝ የተባለው ከመቶ ጊዜ ከሁለት አልዘለለም። ለሌላ ሰው ይህ ቁጥር ተስፋ ያስቆርጣል። እርስዎ ግን ሎተሪ ቆርጠው የሚያውቁ ሰው ነዎት።

አምስተኛ፦ ሰንሰለቱን ያሳጥሩ

ውሻ ቀን ታስሮ ካልዋለ ሌሊት አይናከስም የሚለውን ብሂል ያጥብቁ። ሁለት ሜትር ሰንሰለት ይበቃዋል። በዚያች ክብ ውስጥ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጸዳዳል። ማድ ቤቱ፣ መኝታ ቤቱና ሽንት ቤቱ አንድ የሆነበት ፍጡር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ያ ነገር ብቻ ሲሆን ምን እንዲያደርግ ይጠበቃል? ጋዜጣ አያነብ።

ምግቡን በቀን አንዴ፣ ማታ፣ ሰው ከጠገበ በኋላ ይድፉለት። ዶሮ ወጥ ከተረፈ በጣም ጥሩ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚያፈርስ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት እንደሚወጋ ያነበበ ሰው ካለ፣ «ውሻ ያገኘውን ነው የሚበላ» ብለው አፉን ያስይዙት። ቡቺ ቃልዎን በተግባር እያረጋገጠ ነው።

ስድስተኛ፦ ሐኪም ጋ አይውሰዱት

እርግጥ ነው፣ አመሉ ብቻውን በሽታ አይደለም። በዚያው ጥናት ደጋግመው ሲበሉ የታዩት ውሾች 16 በመቶ ነበሩ፤ ከስድስት አንድ ገደማ ማለት ነው። ነገር ግን በጉልምስናው ድንገት የጀመረ፣ እየበላም የሚከሳ ውሻ ካለዎት ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቆሽቱ ምግብ መፍጨት ያቆመ፣ አንጀቱን ትል የወረሰው፣ ወይም የሚወስደው መድኃኒት ረኀብ የለቀቀበት ውሻ ያንን ነገር የሚበላው ወዶ አይደለም። እርስዎ «ደግሞ ለውሻ ሐኪም!» ብለው ይሳቁ። ታዲያ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለምንድን ነው የሚል ከመጣ፣ «ለከብት» ብለው ያሰናብቱት።

ሰባተኛ፦ በበዓል ሳንባውን ይወርውሩለት

በጉ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታይ ይሆናል። «ይሄ ለሰው አይሆንም» ይበሉና ለቡቺ ይጣሉለት። እብጠቱ ውስጥ ያለው፣ ውሻው አንጀት ሲደርስ ደቃቅ የኮሶ ትል ሆኖ ያድጋል። እንቁላሉ በዚያ ነገር ይወጣል፤ ከዚያም በአፈሩ፣ በጓሮው ሰላጣ፣ በውሻው ፀጉር አድርጎ ወደ ሰው አፍ ይመለሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም እንደ በጉ ውሃ ይቋጥራል፤ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊያድግ ይችላል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ቡቺ ከጽዱ ሥር ተነሥቶ የልጅዎን ጉንጭ ሲልሰው «አቤት ሲወደው!» ብለው ፎቶ ያንሱ።

አንዳንዶች እንዲህ ያለው ሳንባ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር ይላሉ። ለመቅበር ግን አካፋ ያስፈልጋል።

መሰናበቻ

ወላድ ውሻ አይተው ያውቃሉ? ቡችሎቿ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሷ ካልላሰቻቸው መጸዳዳት አይሆንላቸውም። ከእነርሱ የወጣውንም መኝታው እንዳይቆሽሽ ራሷ ትበላዋለች። እነ ሃርትም ነገሩን ከተኩላ ዘመን ይጀምሩታል። የብዙዎቹ የአንጀት ትሎች እንቁላል ከወጣ በኋላ በሽታ ለማስተላለፍ ቀናት ይፈጅበታል። ከዋሻው ደጅ የወደቀውን በትኩሱ የሚበላ ተኩላ መንጋውን ከትል ይጠብቅ ነበር የሚል ነው ግምታቸው።

እንግዲህ አማትዎ በመስኮት ያዩት ውሻ እያጸዳ ነበር። ደመወዝ የለውም፣ ቅዳሜን አይጠብቅም፣ «የኔ ሥራ አይደለም» ብሎም አያውቅም። ከግቢው ነፍሳት ሁሉ ያንን ነገር በዕለቱ የሚያነሳው እሱ ብቻ ነው፤ ነጠላ ጫማ የሚወረወረውም በእሱ ላይ ነው።

አንድ ስጋት ብቻ ይቀራል። አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው ማንም ሳያዛቸው፣ ቡቺ ገና ወገቡን ሳያቃና፣ አካፋውን አንሥተው ያንን ነገር ዝቀው ይወስዱት ይሆናል። ቡቺ ዞሮ ባዶውን መሬት ያሸታል፣ አካፋውን ያያል፣ ሥራውን እንደተቀማ ሰው ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ሄዶ በሩ ላይ ይተኛል። በማግስቱም እንዲሁ ከሆነ የዚህ መመሪያ ድካም ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። እርስዎም ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ መጋረጃ የሚስቡበት ምክንያት ያጣሉ።