ዋቱን ተወውና ሳጥኑን አምጣ

«ስንት ዋት ነው?» ይሉሃል፣ የቤዝ ጊታሩን የስፒከር ሳጥን ገና ከመኪና ሳታወርድ። ነፋስ መውጫ ሂድ፣ አርብ ገበያ ሂድ፣ ወገዳ ውረድ፣ መካነ ኢየሱስ ሠርግ ተጫወት፣ መጀመሪያ የምትመጣው ጥያቄ እሷው ናት። የእኔም መልስ አይለወጥም፦ ዋት ሳጥኑ የሚችለውን መከራ ነው የሚነግርህ፤ የሚያወጣውን ድምፅ አይደለም።

«ድምፁንስ ማን ይነግረኛል?»

የዲሲቤሉ ቁጥር ይነግርሃል። 1 ዋት ስትሰጠው፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚለካበት ነው። 97 የሚለው ሳጥን በ250 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ፣ 94 የሚለው እኩል ለማውጣት 500 ይጠይቅሃል። አንዷን ጀኔሬተር ከኪቦርዱ፣ ከሚክሰሩና ከዳሱ አምፖል ጋር ለሚጋራ ሰው ይህች የ3 ዲሲቤል ልዩነት ቀላል አይደለችም። ዋቱን በትልቁ ጽፎ ዲሲቤሉን የዘለለ ሳጥን ካጋጠመህ፣ የተዘለለው ለምን እንደሆነ አስብበት።

«እኔ ባለ 15 ኢንች ካልሆነ አልገዛም፤ ቤዝ የሚወጣው ከትልቅ ስፒከር ነው» የሚል አለ። ና እናስላው! 15 በ15፣ 225። 10 በ10፣ 100፤ አራት ሲሆን 400። ባለ አራት 10 ኢንቹ ሳጥን ከአንተ 15 ወደ እጥፍ በሚጠጋ ስፋት ነው አየር የሚገፋው። ጥልቀቱን የሚወስነውም የኢንቹ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ስፒከሩ ከሳጥኑ መጠንና ፊት ለፊት ካለችው ቀዳዳ ጋር መስማማቱ ነው። ሆፍማን የተባለ መሐንዲስ ያስቀመጠው ሕግ አለ፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ጉልበት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥና ሦስተኛውን ተሰናበት። ሦስቱም አሉኝ የሚል ሻጭ ሲያጋጥምህ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ያዝ።

«ባለ አምስት ክር ነው የምጫወተው፣ እስከ ታች መውረድ አለበት!» እሺ። የአራት ክሩ ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነው፤ አምስተኛው 31 ይወርዳል። በሰው ጉልበት የሚነሳ ሳጥን አብዛኛው 41ዷን እንኳ ሙሉ ለሙሉ አያወጣትም። የምትሰማው እጥፏን፣ 82ቷን ነው፤ የጎደለውን ጆሮህ ይሞላዋል። ስለዚህ ለሜዳ ሠርግ ወለል የሚያንቀጠቅጥ ሳይሆን መሐሉን አጥርቶ የሚያወጣ ሳጥን ፈልግ። ጨፋሪው ትከሻውን የሚጥለው ቤዙ የት ላይ እንደመታ ሲለይ ነው። ችክችካው ታች ተጨፍልቆ ጉምጉምታ ከሆነ እስክስታው ከበሮውን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ይህንን የተጠራጠረ እ.ኤ.አ. በ1975 አይቤክስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ» ይስማ፤ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው። የዋልያስ ባንዱን መላኩ ገብሬንም ይስማ። ሁለቱም አንዱን ኖታ ከሌላው ለይተው ያስቀምጣሉ፤ በዘፋኙ ላይ የሚተኛ ቤዝ የለባቸውም።

«የኛ ቡድን የባህል ነው፣ ቤዝ ጊታር የለንም።» ቤዝ ክራር አላችሁ አይደል? ማይክ ወይም ፒክአፕ ገጥማችሁ በሳጥን ካወጣችሁት ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ክራሩ ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሳጥኑን ከኋላው ካደረጋችሁት የወጣው ድምፅ ተመልሶ ይገባበትና ማጓራት ይጀምራል። ሳጥኑን ወደ ጎን፣ ከክራሩ ፊት ራቅ አድርጉት። ከበሮውም ታችኛውን ድምፅ ስለሚይዝ የቤዙን ታች ቀንሱና መሐሉን ከፍ አድርጉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ይሰማሉ።

«አምፔግ ባለ ስምንት 10 ያላቆመ ባንድ፣ ባንድ አይባልም!» ያቺ ሳጥን የተከበረች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከ300 ዋቱ ኤስ ቪ ቲ አምፕሊፋየር ጋር ወጥታ ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር አሜሪካን ዞራለች። ክብደቷ ግን ከ60 ኪሎ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ያደረሱት ሠራዊት አስከትለው፣ መንገድ እያስቆፈሩ ነው። አንተ ያለህ አንድ ኪቦርድ ተጫዋችና አንድ ረዳት ነው። በጉና ተራራ ሥር አልፈህ በሌሊት ስትመለስ ማን እንደሚያወርድልህ ቀድመህ ጠይቅ! ዛሬ በኒዮዲሚየም ማግኔት የተሠራ ባለ አንድ 12 ኢንች ሳጥን በአንድ እጅ ይነሳል።

«ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥን ብገጥም ጉልበቱ አይጨምርም?» ይጨምራል፣ ጭስ እስኪወጣ ድረስ። ሁለት 4 ጎን ለጎን ሲገጠም 2 ኦም ይሆናል፤ ብዙ አምፕሊፋየር ደግሞ ከ4 በታች አልችልም ብሎ ጀርባው ላይ ጽፏል። ሁለት ባለ 8 ግጠም፣ 4 ይሆንልሃል፤ ለትንሽ ዳስ አንዷን፣ ለሜዳ ሁለቷንም ትወስዳለህ።

«ጃክ ያው ጃክ ነው» ብሎ የጊታሩን ገመድ ከአምፕ ወደ ሳጥን የሚሰካም አለ። ጫፉ ይመሳሰላል እንጂ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው፤ ይግላል፣ ጉልበትህን ይበላል፣ ብሎም አምፑን ይዞ ይሄዳል። ለሳጥን የሳጥን ገመድ ግዛ።

«ሳጥን ምን ያደርጋል? ሚክሰሩ ላይ ስካውና ሞንታርቦው ያውጣው» ለሚለው መልሴ ረዘም ይላል፤ ግማሹ እውነት ነውና። የተከራዩት ሞንታርቦ ለብቻው የቆመ የቤዝ ሳጥን ካለው፣ በዲአይ ቦክስ ወደ ሚክሰሩ ላክለትና አንተ ለራስህ መስሚያ ትንሽ ሳጥን አስቀር። ይህ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው። ግን በየወረዳው የሚከራየው ብዙ ጊዜ ሁለት እግር ላይ የቆመ ሞንታርቦ ብቻ ነው። ዘፋኟ የምትዘፍንበትን ስፒከር አንተ በቤዝ ስታንቀጠቅጠው ድምፅዋም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮዋን ስታስጨንቅ የምታድረው በአንተ ምክንያት ነው።

«እኔ ጋ ቤዙ አይሰማም፤ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ርቆ ነው የሚፈጠር» ሲሉም ሰምቻለሁ። የ41 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ያህል መሆኑ ልክ ነው፤ ርቆ ነው የሚፈጠር የሚለው ግን ልክ አይደለም። ሳጥኑ ጉልበትህ ሥር ነው፣ ጆሮህ ጉልበትህ ላይ አይደለም። አጋድለውና ወደ ፊትህ አቅናው፤ ወይም ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አውጣው። ግድግዳ ካለ ደግሞ አስጠጋው፣ ታችኛው ድምፅ ይጨምርልሃል። የድንኳን ሸራ ግን ግድግዳ አይደለም፤ ቤዙን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል።

አሮጌ ሳጥን የምትገዛ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቸኩለህ እንዳትከፍል። መከለያውን አስፈታ። ሁለቱን አውራ ጣቶችህን ኮኑ መሐል ግራና ቀኝ አሳርፍና ቀስ ብለህ ግፋ፤ ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ ኮይሉ ተጎድቷል። ሜትር ካለህ ለካው፤ ባለ 8 ኦም ሳጥን 6 አካባቢ ያሳያል። ከዚያ የሰዓት ባትሪ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን፣ በሁለት ሽቦ ገመዱ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ንካና ኮኖቹን ተመልከት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ፣ አለያም በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ መዝለል አለባቸው። አንዱ ለብቻው ወደ ሌላ ከዘለለ የጠገነው ሰው ሽቦውን ገልብጦታል፤ አንዱ የሚገፋውን አየር ሌላው ይስባል፣ ቤዙም እዚያው ሳጥኑ አፍ ላይ ይጠፋል። «አራት ስፒከር አለው ግን ቤዝ የለውም» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሳጥን ብዙ ጊዜ በሽታው ይሄ ነው፤ መድኃኒቱም ሁለት ሽቦ ማለዋወጥ ነው። ሻጩ ባትሪውን ካላስነካህ ተወው፣ ሌላ ሳጥን አለ።

የሙሽራው አባት መጥተው «ልጄ፣ ይህች ትንሽ ሳጥን ናት ዳሱን የምትሞላው?» ቢሉህ በትሕትና መልስላቸው፦ «አባባ፣ ማሲንቆ በአንድ ጭራ ስንት ዳስ ሞልቷል!»

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይኸው፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሠርግ ለሚጫወት ባንድ ሁለት ባለ 8 ኦም፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ 12 ወይም ባለ ሁለት 10 ኢንች የሆኑ ቀላል ሳጥኖች ከሁሉም ይበልጣሉ። ሠርግ የምትደግሱም አደራ፣ ሙዚቀኛ ስትዋዋሉ ስለ ዋት አትጠይቁ፤ ከሠርጉ በፊት ቤዙንና ዘፋኙን አንድ ላይ አስጫውታችሁ፣ ከዳሱ ጫፍ ቆማችሁ ስሙ።