ከሚኒያፖሊስ፦ ፋቂ ሆኜላችኋለሁ

ሚኒያፖሊስ፣ ኅዳር 2017

ይድረስ ለእታለሜ፣ በእሷም በኩል ቡርቃ ጃቶ ላለው ቤት ሁሉ፤

ስልኩ በተቆራረጠ ቁጥር «ሰማሽኝ? ሰማሽኝ?» እያልኩ ካርድ ከምጨርስ፣ ሰው ሲገኝ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ልጅ ለእማዬ ቫይታሚን፣ ለአባዬ የሱፍ ካልሲ ይዟል። ቸኮሌቱ የሁላችሁም ነው። አንቺ እጅ ሲገባ የአንቺ ብቻ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ለወጉ ያህል ጻፍኩት።

ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ማንበብሽ ስለማይቀር፣ የምትዘልይውን ቦታ እየጠቆምኩሽ እሄዳለሁ። በተለይ አያታችን አኮ አጠገብሽ ካሉ።

ባለፈው «ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትጠፋው? ሚስት አገኘህ እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። ያገኘሁት ቆዳ ነው። (እዚህ ጋ አባዬ ካለ «የቆዳ ኢንዱስትሪ ውስጥ ገባ» ብለሽ እለፊ። ቡና ቤት ገብቶ «ልጄ ኢንጂነር ነው» ማለቱን እንዳይተው።) እውነቱን ለአንቺ፦ ፋቂ ሆኛለሁ።

ነገሩ የጀመረው በቀበቶዬ ነው። ሌሊት በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም እህቱን ሊጠይቅ ይመጣል። አንድ ማታ ቀበቶዬን አየና ወገቤ ላይ እንዳለ ያገላብጠው ጀመር። እኔ ደግሞ የሾርባ ትሪ ይዣለሁ፤ እጄን አንስቼ እንዳልከላከል ሾርባው ይደፋል። «ይህን ማን ሰፋው?» አለኝ። ከነቀምት ገበያ የገዛሁት ነው አልኩት። ነቀምት የት እንደሆነች አላወቀም፤ ስፌቷን ግን አወቃት። «ቅዳሜ ቤቴ ና፤ ቆዳ እንሠራለን፣ እንበላለን» አለኝ። ከሁለቱ የሰማሁት ሁለተኛውን ነበር።

እዚያ ቤት የሚሰበሰቡትን ሰዎች ብታያቸው! ሐኪሙ ጥርስ ሲጎረጉር የኖረበትን መሣሪያ አሁን ቆዳ ላይ አበባ ይቀርጽበታል። አንዱ ዳኛ የነበረ ነው፤ የእጅ ቦርሳ ይሰፋል። አንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት አለች፣ ኮርቻ ትሠራለች፤ ፈረስ ግን የላትም፣ ወደፊትም የመግዛት ሐሳብ የላትም። የጭነት መኪና መካኒክም አለ፤ እሱ ያለ ጭቅጭቅ የሚሰፋ ብቸኛው ሰው ነው። ማንም አይከፈላቸውም። እንዲያውም ከኪሳቸው ያወጣሉ። ገንዘብ ከፍለው ቆዳ ይፍቃሉ!

የእኛን ቆዳ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ሐኪሙ የጎልፍ ጓንቱን አምጥቶ ዘረጋልኝና «ከኢትዮጵያ በግ ነው፤ ስስ ሆኖ እንዲህ የሚጠነክር የለም» አለኝ። እኔ በበግ የማውቀው ጥብሱን ነው፤ ቢሆንም በአገሬ ስም ራሴን ነቅንቄ ተቀበልኩ።

እስቲ አስቢው እታለሜ፤ ዳኛ ተንበርክኮ ቆዳ ሲፍቅ። እኛ ቤት በየበዓሉ ቆዳ ሊወስድ የሚመጣው ሰውዬ ትዝ አለሽ? ቡናው በጓዳ በር በኩል በዚያች እጀታ በሌላት ስኒ ይሰጠው ነበር፤ ስኒዋም ከሌሎቹ ጋር አትታጠብም። አኮ ቁርበታቸው ላይ ተኝተው፣ ያንን ቁርበት ያለፋላቸውን ሰው ደጅ ያስቀምጡት ነበር። ይህችን መስመር አትዝለያት። ለአኮ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፤ «ልጅዎ አሁን ያንን ሥራ ይሠራል፣ ስኒዋን አስቀምጡለት ብሏል» በያቸው። ቢቆጡም በእኔ እንጂ በአንቺ አይደለም።

በበጋ ሰብስበው ሬድ ዊንግ ወደምትባል ከተማ ወሰዱኝ፤ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ናት፣ ስሟን ይዞ የሚጠራ የቡት ጫማ ፋብሪካ አለባት። ከ1905 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው) ጫማ ይሠራሉ፤ መቶኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ፎቅ የሚያክል አንድ ቡት ሰፍተው ሙዚየም ውስጥ አቆሙ። ቁጥሩ 638 ከግማሽ ነው። አየሁትና «የዴዴሳው ጉማሬ» የምንለው ወንድማችን እግር ትዝ አለኝ። ግማሿ ባትኖር ልክ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

እዚህ አገር ኅዳር የአጋዘን አደን ወር ነው፤ አዳኞቹ ሥጋውን ይወስዱና ቆዳውን ለእነዚህ ሰዎች ይተዉላቸዋል። ስለዚህ የኅዳሯ ቅዳሜ ትልቅ በዓላቸው ናት። ውጭ ነው የሚበላው። ውጭ ስልሽ በረዶ ላይ ማለቴ ነው! ሐይቁ በረዶ መሆን ጀምሯል፣ ጢሜ ላይ ትንፋሼ ረግቶ ቀርቷል፣ እነሱ «ዛሬ ደስ ይላል፣ ነፋስ የለም» ይላሉ። ከባድ የብረት ድስት አላቸው፤ ከሥር ፍም፣ ከክዳኑ ላይም ፍም ያደርጉበታል። ይህን ሳይ አከበርኳቸው፤ እሳት ከላይም ከታችም የሚያውቅ ሰው ዳቦ ያውቃል።

ባቄላና ሥጋ ከቲማቲም ጋር የሚሠሩት ቺሊ የሚባል ወጥ አላቸው። ዳኛው ሳህኔን ከመሙላቱ በፊት ትከሻዬን ይዞ «ያቃጥላል፣ ተጠንቀቅ» አለኝ፤ መምህርቷ አጠገቤ ወተት አስቀመጠችልኝ። በላሁ። ከዚያ እንዳያዝኑ ብዬ ወተቱን ጠጣሁላቸው። እማዬ፣ ያንቺን በርበሬ ሽቶት የማያውቅ ሕዝብ መካከል እንዳለሁ ዕወቂልኝ።

እኔ ደግሞ ገንፎ ልሠራ ተነሣሁ። የገብስ ዱቄቱን ከሐበሻ ሱቅ ገዝቻለሁ፤ ቅቤውን ራሴ በኮረሪማ አንጥሬዋለሁ፤ በርበሬው የእማዬ ነው። ማማሰያ የለም። መካኒኩ የመጥረቢያ እጀታ ሰጠኝና ጥቂት ቅቤ ጣል አድርጌበት በእሷ አገላበጥኩት። አልጓጎለም። ደግሜ እጽፈዋለሁ፣ አንቺም ደግመሽ አንብቢው፦ አልጓጎለም።

ከእኔ ድስት አጠገብ የእሷ መንታ የሆነች ሌላ ድስት ነበረች፤ ክዳኗም ጥቁረቷም አንድ። ውስጧ ያለው የአጋዘን አንጎል ነው። የዚህ ምድር ጥንተ ነዋሪዎች ቆዳን የሚያለፉት በአንጎል ነበር፤ በሙቅ ውሃ እስኪሟሟ ያሹትና ጠጉሩ በተፋቀው ቆዳ ላይ ይቀቡታል፣ ከዚያ እስኪደርቅ እየጎተቱ ያለሰልሱታል፣ በመጨረሻ ያጥኑታል። እኛ በእምቧይና በኑግ እንደምናለፋው መሆኑ ነው። ሙያው ውስጥ ያሉት «እንስሳ ሁሉ የራሱን ቆዳ የሚያለፋበት አንጎል አለው» ይላሉ። ሐሳብሽ ወደ ማን እንደሄደ ስላወቅሁ የወንድማችንን ስም እዚህ አላነሳም።

ገንፎዬን ከድኜ፣ የቀረውን ቅቤ በበርበሬ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ አበላሉን ለዳኛው አስረዳሁት፦ መሐሉን ጎድጎድ ታደርግና ቅቤውን ታፈስበታለህ። ከዚያ ሐኪሙ ጠራኝና ቆዳ ልይዝለት ሄድኩ። በረዶ ወረደ። ክዳኖቹ ነጭ ሆኑ። ዳኛው ርቦታል፣ መነጽሩም በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከሁለቱ አንዱን ድስት ከፈተ። መሐሉን ጎድጎድ ሊያደርግ ሞከረ፤ ጉድጓዱ አልቆም አለው። ፈረንጅ ጨዋ ነውና ምግቤን እንዳይነቅፍ ዝም ብሎ ቅቤውን በሙሉ ገለበጠበት፤ ማንኪያውን ሞላ፤ ዐይኑን ጨፈነ።

«ለስላሳ ነው» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ጨው ያንሰዋል።»

በዚያው ሰዓት ከኋላዬ የመምህርቷ ድምፅ ተሰማ። እጇን እስከ ክርኗ በሌላኛው ድስት ነክራ፣ የተወጠረውን ቆዳ እያሸች «የዛሬው አንጎል ምነው እንዲህ ወፈረ?» ትላለች። ገንፎዬን ነው! አጋዘን ቆዳ ላይ እያላቆጠችው ነው! እኔ የመጣብኝ ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «አልጓጎለም!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ።

ለዳኛው የነገረው መካኒኩ ነው። ዳኛ ነውና ወዲያው አላመነም፤ ማስረጃ ጠየቀ። ድስቱን ዘንበል አድርጎ አየ፣ አሸተተ፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና አየ። ከዚያ በረዶ በእፍኙ አንስቶ ምላሱን ማሸት ጀመረ። ሲጨርስ እኔን ጠርቶ በጣም በዝግታ «ቀዩ ነገር ምን ነበር? እሱ ጥሩ ነው» አለኝ። በርበሬ አልኩት። ፍርዱን ሰጠ እታለሜ፤ እማዬ አንጎል እንኳ የምታስበላ ሆና በአሜሪካ ዳኛ ተመሰከረላት፣ ይግባኝም የለው።

ቆዳውስ? መልሰን ማጠብ ሲገባን ሐኪሙ «ተዉት፣ እንየው» አለ። ቅቤ የጠጣውን ቁርበት አኮ ዘንድ አይተሻል አይደል? እስከ ማታ ተራ በተራ ጎተትነው፤ እንደ ነጠላ ተጣጠፈ። ሐኪሙ ደብተር አውጥቶ በቁም ነገር ዱቄቱ የምን እንደሆነ፣ ቅቤው በምን እንደተነጠረ ጠየቀኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ይህ ከጥንት የመጣ የወለጋ ዘዴ ነው አልኩት። አሁን ደብተሩ ላይ «የነቀምት ዘዴ፦ ገብስ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ» የሚል ተጽፏል። የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ጎብኚ ቢቀንስ በዚህ ይካካሳል። መምህርቷ ከዚያ ቆዳ የእጅ ቦርሳ ሰፍታ ይዛ ትዞራለች፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከኋላዋ ነው።

በድስቱ ሥር የተረፈችውን ገንፎ ቆመን በላናት፤ ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ መካኒኩ፣ እኔ፣ አንድ ማንኪያ እየተቀባበልን። ጥቂት ቅቤ ኪሴ ደብቄ ነበር። ያው ታውቂኛለሽ።

ሌሊቱ ግን ይረዝማል። ለመስቀል አንጮቴ ስለሌለ ድንች ከነልጣጩ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ አድርጌ ብቻዬን በሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ በላሁ። አዛውንቶቹ ተኝተዋል፤ ኮሪደሩ ዝም ብሏል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልዬ ለማን እንደማጎርስ ሳጣ ራሴን አጎረስኩ። «በሞቴ» የሚል ስለሌለ ራሴ «በሞቴ» አልኩ፣ ራሴ «ጠገብኩ» አልኩ፣ ራሴ ተቆጣሁ። የራስ ጉርሻ መጠን የለውም እታለሜ፤ ከትልቅነቷ የተነሣ ልታነቀኝ ነበር። ታንቄ ብሞት «በአሜሪካ በድንች ሞተ» ብላችሁ ለሰው እንዴት ልትናገሩ ነው?

አንቺ ግን «ሚስት አገኘ» እያልሽ ጊምቢ ድረስ ታወሪልኛለሽ አሉ። የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ አልነግርሽም፤ ለእሱም ቸኮሌት ስጪው። አንቺ ስለ እኔ ከማውራትሽ በፊት በጊምቢው ሠርግ ላይ ያደረግሽውን እኔ ዛሬም ለማንም እንዳልተናገርኩ አስቢልኝ።

ለእማዬ፦ በርበሬ ጨምሪ፣ የዳኛው ድርሻ ለብቻው ይታሰር። ማማሰያም ላኩልኝ፤ ወፍራሟን። መጥረቢያው ባለቤት አለው። ለአኮ ጉልበት ሳሚልኝ።

ለአባዬ ቀበቶ እየሰፋሁ ነው፤ ስሙን በሐኪሙ የጥርስ መሣሪያ ቀርጬበታለሁ። ወገቡን በክር ለክተሽ ክሩን በፖስታ አድርገሽ ላኪልኝ። ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባልና፣ ምሳ በልቶ ወሬ ከጀመረ በኋላ ለኪው።

ወንድምሽ